የከረረ ክር ሲነበብ

ሐዋሳ መሃል ከተማ ውስጥ ዳቦ ቤቶች ሥራ የሚጀምሩት ገና ሳይነጋ ነው። ጋጋሪው ደረቁን እርሾ ለብ ያለ ውኃ ላይ ይበትንና ትንሽ ስኳር ይጨምርበታል። ዱቄቱን ነፍቶ እስኪመለስ ውኃው አረፋ ያወጣል። እኔን የሚያጓጉኝ አረፋው ከመታየቱ በፊት ያሉት ደቂቃዎች ናቸው። ደርቆ የቆየው ሕዋስ ውኃና ስኳር ሲያገኝ ጂኖቹን በጥድፊያ ማንበብ ይጀምራል፤ በተለይም ፕሮቲን የሚያመርቱለትን ራይቦሶሞች የሚሠራባቸውን ጂኖች። በፍጥነት የሚያድግ አንድ የእርሾ ሕዋስ በደቂቃ 2,000 ያህል ራይቦሶሞች ይሠራል። ከዲኤንኤው ላይ ከሚገለብጠው አርኤንኤ 60 በመቶ ገደማው የሚውለው ለዚሁ ነው። ይህ ሁሉ ሥራ የሚካሄደው ስፋቱ 5 ማይክሮሜትር ገደማ በሆነ ሕዋስ ውስጥ መሆኑን ሳስብ ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ ቶሎ መሄድ አልችልም።

*

በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ደብተር ላይ ዲኤንኤ ቀጥ ብሎ የቆመ መሰላል ነው። ቢበዛ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ ይሳላል። ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ ጋር ይጣመራሉ፤ ፈተናውም የሚመጣው ስለ ፊደሎቹ ነው። ሥዕሉ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ክሩ በሕይወት ባለ ሕዋስ ውስጥ ምን ያህል እንደታጨቀና እንደተወጠረ አይናገርም።

የእርሾን ልክ እንውሰድ። 12 ሚሊዮን ያህል ጥንድ ፊደሎች አሉት፤ በ16 ክሮሞሶሞች ተከፋፍለዋል። ሁለቱ ዘለላዎች በየ10.5 ጥንዱ አንድ ጊዜ እርስ በርስ ይዞራሉ። ሲባዛ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ዙር ይሆናል። ክሩ በሙሉ ተቀጣጥሎ ቢዘረጋ 4 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ የሚኖርበት ኒውክለስ ግን ከዳር እስከ ዳር 2 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የእርሾ ጂኖም ሙሉ በሙሉ ሲነበብ ኒውክለስ ካላቸው ፍጥረታት ሁሉ የመጀመሪያው ነበር፤ ወደ 6,000 የሚጠጉ ጂኖች ተቆጠሩበት። ፊደሎቹ ከታወቁ ብዙ ዘመን ሆነ ማለት ነው። ክሩ ሲነበብ የሚደርስበትን ጉልበት ግን ትምህርት ቤት ገብቶ አላየሁትም።

*

ጋቢ የሚቋጩ ሴቶችን እጅ ልብ ብሎ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት ግማሽ መንገድ ሄዷል። ከጥለቱ ጫፍ የተንጠለጠለውን ክር ሁለት ቦታ ይከፍሉታል፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ወደ አንድ አቅጣጫ ያከሩታል፤ ከዚያ ጎን ለጎን አድርገው ሲለቋቸው ሁለቱ ክሮች ራሳቸው ይጠማዘዛሉ። ጫፉ ይቋጠራል። እንዲህ ያለ ገመድ ረዘም አድርጋችሁ ሥሩና ሁለቱን ጫፎቹን ሁለት ሰዎች አጥብቀው ይያዙላችሁ። መሃል ላይ ሁለቱን ዘለላዎች ፈልቅቃችሁ እርሳስ አስገቡና እርሳሱን ሳታዞሩ ወደ አንዱ ጫፍ ግፉት። ከፊት ያለው ክር እየከረረ፣ እየከረረ ይሄድና በመጨረሻ ቀጥ ብሎ መቆም አቅቶት በራሱ ላይ ይጠቀለላል። ከኋላ ያለው ይላላል። ጫፉን የያዘው ሰው ከለቀቀው ደግሞ ክሩ ተሽከርክሮ ውጥረቱ ወዲያው ይጠፋል።

ሳይንቲስቶች ሱፐርኮይሊንግ የሚሉት ይኸው የክሩ ከልክ በላይ መክረር ወይም ከልክ በታች መላላት ነው። እርሳሱ ደግሞ ጂን የሚያነበው ኢንዛይም፣ አርኤንኤ ፖሊመሬዝ ነው።

*

ፖሊመሬዙ ሁለቱን ዘለላዎች ከፍቶ፣ አንዱን እያነበበ፣ አርኤንኤ እየሠራ ይጓዛል። ጠመዝማዛውን ተከትሎ ቢሽከረከር ኖሮ ክሩ ምንም ባልሆነ። ነገር ግን ራሱ ግዙፍ ነው፤ እየረዘመ የሚሄድ አርኤንኤ ይጎትታል፤ በአርኤንኤውም ላይ ሌሎች ትልልቅ ፕሮቲኖች ይሰቀሉበታል። ስለዚህ እሱ ሳይዞር ክሩን ያዞራል። እ.ኤ.አ. በ1987 ሊሮይ ሊዩ እና ጄምስ ዋንግ ይህን ሐሳብ በጽሑፍ አቀረቡት፤ ፖሊመሬዝ በሚሄድበት ሁሉ ከፊቱ የከረረ፣ ከኋላው የላላ ክር ይፈጠራል አሉ።

ቁጥሩ ነገሩን ያቀርበዋል። የእርሾ ፖሊመሬዝ በደቂቃ 2,000 ያህል ፊደል ያነባል። ለ10.5 ስናካፍለው 190 ዙር ነው፤ በሴኮንድ ከሦስት ይበልጣል። አንድ ጂን አንብቦ ሳይጨርስ ከፊቱ በመቶ የሚቆጠር ትርፍ ዙር ይከመርበታል ማለት ነው። የሚያቃልልለት ከሌለ መንገዱ ይዘጋል።

የሚያቃልሉት ቶፖአይሶመሬዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። አንደኛው ዓይነት አንዱን ዘለላ ይቆርጥና ክሩ እንዲሽከረከር ፈቅዶ መልሶ ይቀጥለዋል። ሁለተኛው ዓይነት ሁለቱንም ዘለላዎች ቆርጦ ሌላ ክር በክፍተቱ ያሳልፍና ይገጥመዋል፤ ለዚህም ኃይል ያወጣል። የተቆረጠውን ጫፍ ሁለቱም ከገዛ አካላቸው ጋር አጣብቀው ስለሚይዙት አይጠፋም። ከሕይወት አሠራር ውስጥ ይህን ያህል ድፍረትና ጥንቃቄ አንድ ላይ የያዘ ነገር ብዙ አላውቅም፤ የዘር ጽሑፍን ቆርጦ፣ ሳይሳሳት፣ ያውም በየጊዜው መልሶ መቀጠል!

*

የሊዩና የዋንግ ሐሳብ ያማረ ነበር፤ በሕይወት ባለ ሕዋስ ውስጥ መታየት ግን ነበረበት። እርሾ የገባው እዚህ ላይ ነው።

ችግሩ ግልጽ ነበር። የእርሾ ሁለት ቶፖአይሶመሬዞች የከረረውንም የላላውንም እኩል ያስተካክላሉ፤ ስለዚህ ውጥረቱ ቢፈጠርም ሳይታይ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ጉሪ ዬቨር ከዋንግ ጋር ሆና ያደረገችው እንዲህ ነው። አንደኛው ኢንዛይም የሌለው፣ ሁለተኛው ደግሞ ሙቀት ሲጨምር ሥራ የሚያቆም የእርሾ ዝርያ ተመረጠ። በዚያ ላይ ከባክቴሪያ የተገኘ፣ የላላውን ብቻ የሚያስተካክል የከረረውን ግን የማይነካ ኢንዛይም እንዲያመርት ተደረገ። ሙቀቱ ከፍ ሲል የእርሾው የራሱ ኢንዛይሞች ከሥራ ይወጣሉ፤ የባክቴሪያው ኢንዛይም ከፖሊመሬዙ ኋላ የሚፈጠረውን ላላ ክር ያጠፋል። ሐሳቡ እውነት ከሆነ የሚተርፈው የከረረው ብቻ መሆን አለበት። በእርሾው ውስጥ የነበረውን ትንሽ ክብ ዲኤንኤ አውጥተው ሲያዩት ከርሮ አገኙት።

ይህን ሙከራ በቃሌ ስናገረው እንኳ ደስ ይለኛል። ከሁለት ተቃራኒ ነገሮች አንዱን ለይቶ በማጥፋት የሌላውን መኖር ማረጋገጥ ነው። በዚያው ዓመት ስቲቨን ብሪል እና ሮልፍ ስተርንግላንዝም ቶፖአይሶመሬዝ በጎደለው እርሾ ውስጥ ዲኤንኤው ከልክ በላይ የሚላላው ጂኑ ሲነበብ መሆኑን አሳዩ። የማይነበብ ጂን ባለበት ክር ላይ እንዲያ ያለ ነገር አልታየም።

*

ሁሉም ጂን ለውጥረቱ እኩል አይሸነፍም። በእርሾ 12ኛ ክሮሞሶም ላይ የራይቦሶም አርኤንኤ ጂን 150 ጊዜ ገደማ ተደጋግሞ ተደርድሯል። ሥራ ላይ ባለው በእያንዳንዱ ላይ 50 ያህል ፖሊመሬዞች ተከታትለው ይጓዛሉ። ከፊተኛው ኋላ የሚቀረው ላላ ክርና ከኋለኛው ፊት የሚመጣው የከረረ ክር መሃል ላይ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ፤ ስለዚህ ተከታትሎ መሄዱ ራሱ እፎይታ ይሰጣል። የሰልፉ ፊትና ኋላ ግን የሚያቃልልለት ይፈልጋል። ሁለቱም ቶፖአይሶመሬዞች ከሥራ ሲወጡ የራይቦሶም አርኤንኤ መሠራቱ ይቆማል፤ የሌሎቹ ጂኖች ንባብ የሚጎዳው ከዚያ ባነሰ መጠን ነው። አንደኛው ኢንዛይም ብቻ የጎደለው እርሾ ይኖራል፣ ይራባል። ሁለተኛው የጎደለው ግን አይኖርም፤ ክሮሞሶሞቹ ተባዝተው ሲያበቁ እርስ በርስ እንደተጠላለፉ ስለሚቀሩ ሕዋሱ ለሁለት መከፈል አይችልም።

*

ባርሴሎና ውስጥ የሚሠራው የኹዋኪም ሮካ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውን ጥናት ደጋግሜ አስባለሁ። በእርሾ ክሮሞሶሞች ላይ ሆን ተብሎ የመክረር ውጥረት እንዲጠራቀም ተደረገ። አብዛኞቹ ጂኖች መነበባቸውን ቀነሱ። ከክሮሞሶም ጫፍ እስከ 100 ሺህ ፊደል ርቀት ውስጥ ያሉት ግን ወደ ጫፉ በቀረቡ መጠን ከዚህ እያመለጡ መነበባቸውን ቀጠሉ። ምክንያቱ ጫፉ ነጻ መሆኑ ነው፤ ተሽከርክሮ ውጥረቱን ያፈሳል። ከመሃል ያለው ክር ግን የሚያፈስበት የለውም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ያው ቡድን ሌላ ነገር ጨመረ። ሁለተኛው ቶፖአይሶመሬዝ ሲጠፋ ከ3,000 ፊደል ገደማ በላይ የሚረዝሙ ጂኖች ንባብ መንገድ ላይ ይቀራል፤ አጫጭሮቹ ያልፋሉ።

እንግዲህ የአንድ ጂን መነበብ በፊደሎቹ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ርዝመቱ ይቆጠራል፣ በክሮሞሶሙ ላይ ያለበት ቦታ ይቆጠራል፣ ጎረቤቱ እየተነበበ መሆን አለመሆኑም ይቆጠራል። በአንድ ፊደል እንኳ የማይለያዩ ሁለት ጂኖች አንዱ ዳር፣ አንዱ መሃል ቢቀመጡ ዕጣቸው ሊለያይ ይችላል። በኔ እምነት የሥነ ሕይወት መምህሮቻችን ከፊደል ጥምረት ቀጥሎ ማስተማር ያለባቸው ይህንን ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ገመድና አንድ እርሳስ ስለሆነ የቤተ ሙከራ እጥረት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

*

ውጥረት ሁሉ ጎጂ አይደለም። የላላ ክር ዘለላዎቹ ለመከፈት ዝግጁ ናቸው፤ ስለዚህ ፖሊመሬዝ የሚገባበት የጂን መነሻ ላይ መላላቱ ይረዳል። የእርሾ ዲኤንኤ ደግሞ እንደኛው ሁሉ ኑክሊዮሶም በሚባሉ የፕሮቲን እምብርቶች ላይ ይጠመጠማል፤ በእያንዳንዱ ላይ 147 ጥንድ ፊደል አንድ ዙር ከግማሽ በላይ ይዞራል፣ ያውም በሚላላበት አቅጣጫ። ከፖሊመሬዝ ፊት የሚሄደው መክረር ኑክሊዮሶሞቹን ያናጋና መንገድ ይጠርጋል፤ ከኋላ የሚቀረው መላላት መልሰው እንዲጠመጠሙ ያግዛል። ሕዋሱ ያለ ውጥረት ሊኖር ቢሞክር አይሆንለትም። ሥራው በልክ መያዝ ነው።

*

የእርሾ ምርምር ለሐዋሳ እንግዳ አይደለም። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ በቀድሞው አዋሳ እርሻ ኮሌጅ በነበሩባቸው ዓመታትም ከዚያም በኋላ በባህላዊ ምግቦቻችንና መጠጦቻችን ውስጥ ስላሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ብዙ ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት የጠጅ ጥናት ከተገኙት እርሾዎች ላቅ ያለውን ድርሻ የያዘው ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲየ ነበር። ይህ ዳቦውን የሚነፋው፣ ዬቨርና ዋንግም ሙከራቸውን የሠሩበት ዝርያ ነው። እዚሁ ከተማ ያለው የቢራ ፋብሪካም በእርሾ ነው የሚኖረው፤ የላገር ቢራ እርሾ ከዚህ ዝርያና ከሌላ ዘመዱ የተዳቀለ ነው።

የሲዳማ የእንሰት ምግብ፣ ዋሳ፣ የሚብላላው ግን በአብዛኛው በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ነው። ባክቴሪያ ዲኤንኤውን የሚይዝበት መንገድ ከእርሾ ይለያል፤ በኋላ ወደዚህ የምመለስበት ምክንያት አለኝ።

በጠጃችን ውስጥ የትኛው እርሾ እንዳለ ለይተው የነገሩን የገዛ ወገኖቻችን ናቸው። ማር በበዛበት፣ ጌሾ በገባበት፣ አልኮሉ እየጨመረ በሚሄድ ጋን ውስጥ የዚያ እርሾ ዲኤንኤ የት እንደሚከርና የት እንደሚላላ መመርመርም ለወጣት ተመራማሪዎቻችን የቀረበ ሥራ ነው። እርሾው እዚሁ አለ፤ ጥያቄውም የኛው ነው።

*

ለዚህ ምርመራ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱን ሐዋሳ ውስጥ የማያውቀው ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ክሎሮኪን። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር ያለ ከተማ ነውና ቫይቫክስ የተባለው ወባ የያዘው ሰው ክሎሮኪን ይሰጠዋል። ይኸው መድኃኒት በሞለኪውል ቤተ ሙከራ ሌላ ሥራ አለው። በዲኤንኤ ፊደሎች መካከል ይሰካና ክሩን በመጠኑ ያላላዋል። ክብ ዲኤንኤዎች በጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ ሲነዱ ክሎሮኪን ከተጨመረበት አንድ ዙር ብቻ የሚለያዩት እንኳ ተለያይተው ይቆማሉ። ጄሉን ዘጠና ዲግሪ አዙሮ በሌላ የክሎሮኪን መጠን ድጋሚ ሲነዱት ነጠብጣቦቹ በቅስት ይሰለፋሉ፤ በቅስቱ አንድ ክንድ ላይ የከረሩት፣ በሌላው ክንድ ላይ የላሉት። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ከጎረቤቱ በአንድ ዙር ይለያል። ያን የማይታይ ጥምዝምዝ በጣት እየጠቆሙ መቁጠር ይቻላል ማለት ነው። ለታመመ የምንሰጠው ክኒን ይህን ማሳየት መቻሉ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው።

*

አሁን ወደ ባክቴሪያው። በየመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ «ሲፕሮ አለ?» ሲባል መስማት የተለመደ ነው። ሆድ ለቆረጠው፣ ሽንት ላቃጠለው፣ ታይፎይድ ለተባለው ሁሉ ስሙ ቀድሞ ይመጣል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚያጠቃው ጋይሬዝ የተባለውን የባክቴሪያ ቶፖአይሶመሬዝና አንድ ዘመዱን ነው። ጋይሬዝ ኃይል እያወጣ የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ያላላል፤ ይህን መሥራት የሚችል ኢንዛይም በእርሾም በሰውም ኒውክለስ ውስጥ የለም። መድኃኒቱ ጋይሬዙን ክሩን እንደቆረጠ ያስቀረዋል። ባክቴሪያው የሚሞተው በገዛ ኢንዛይሙ በተቆረጠ ዲኤንኤ ነው፤ እኛ የምንተርፈው የኛ ኢንዛይም ቅርጹ ስለሚለይ ነው።

ባክቴሪያው በጋይሬዙ ጂን ላይ አንድ ፊደል ቢለወጥለት መድኃኒቱ በደንብ አይጣበቅበትም። ሳያስፈልግ በተዋጠ፣ ወይም ሁለት ቀን ተውጦ በተተወ ሲፕሮ ይህ የተለወጠው ባክቴሪያ ተለይቶ ይተርፋል፣ ይበዛልም። መድኃኒቱ ዋጋው ርካሽና የትም የሚገኝ መሆኑ ትልቅ ጸጋ ነው። ያለ ምርመራ የሚሸጥበት እያንዳንዱ ቀን ግን ይህን ጸጋ ከልጆቻችን ላይ እየወሰደ ነው፤ ይህን በለዘበ ቃል መናገር አልችልም።

*

በካንሰር ሕክምናም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ የሚጠቃው የራሳችን ኢንዛይም መሆኑ ነው። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሌሎች ካንሰሮች ሁሉ በላይ የሚታየው የጡት ካንሰር ነው። ለሕክምናው በደም ሥር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ፣ ቀዩ ዶክሶሩቢሲን፣ ሁለተኛውን ቶፖአይሶመሬዝ ክሩን እንደቆረጠ አስሮ ይይዘዋል። ቶሎ ቶሎ የሚከፈሉ ሕዋሳት ይህን ኢንዛይም አብዝተው ስለሚይዙ ጉዳቱ እነሱ ላይ ይበረታል፤ የፀጉር ሥርም ቶሎ ከሚከፈሉት መካከል ስለሆነ ፀጉር ይረግፋል።

አንደኛውን ቶፖአይሶመሬዝ የሚያጠቃው ደግሞ ካምፕቶቴሲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ሞንሮ ዎል እና ማንሱክ ዋኒ ከአንድ የቻይና ዛፍ ያወጡት ሲሆን የዛሬዎቹ ቶፖቴካንና አይሪኖቴካን ከእሱ የተወለዱ ናቸው። መድኃኒቱ በእርግጥ የሚገድለው በዚህ ኢንዛይም በኩል ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ ለመፍታት እንደገና እርሾ ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1988 ጆን ኒቲስ ከዋንግ ጋር ሆኖ የተቆረጠ ዲኤንኤ መጠገን የማይችል የእርሾ ዝርያ ወሰደ። ካምፕቶቴሲን ሲሰጠው እርሾው ሞተ። ከዚያው ዝርያ አንደኛውን ቶፖአይሶመሬዝ አስወግዶ መድኃኒቱን ሲሰጠው እርሾው ኖረ።

ኢንዛይሙ ከሌለ የሚቆርጥ የለም፤ መድኃኒቱም የሚይዘው ያጣል። ይህ መድኃኒት ኢንዛይሙን ሥራ ከማስፈታት አልፎ መሣሪያ ያደርገዋል። ስለዚህ ኢንዛይሙ የበዛለት የካንሰር ሕዋስ አብዝቶ ይጎዳል፤ ኢንዛይሙን የቀነሰው ወይም መድኃኒቱ የሚጣበቅበትን ቦታ የለወጠው ያመልጣል። መጀመሪያ ላይ ይሠራ የነበረ መድኃኒት ከጊዜ በኋላ መሥራት ሲያቆም ሐኪሞች ከሚያውቋቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።